ትንንሾቹ ጋላክሲዎች ኮከብ መፍጠር ያቆሙት መቼ ነው?

ስለ ጋላክሲ ሲወራ ብዙዎቻችን የምናስበው እንደ አንድሮሜዳ ወይም እንደ ራሳችን ፍኖተ ሐሊብ ያለውን፣ በመቶ ቢሊዮኖች የሚቆጠሩ ኮከቦች የያዘውን ግዙፍ ሥርዓት ነው። በቁጥር ከሆነ ግን ጽንፈ ዓለሙን የሞሉት ድንክ ጋላክሲዎች ናቸው። ከእነሱም መካከል እጅግ ደብዛዛ የሚባሉት የኮከቦቻቸው ብርሃን በሙሉ ተደምሮ የአንድ ደማቅ ቀይ ግዙፍ ኮከብ ያህል እንኳ አይሞላም። ይህ ዳሰሳ ስለ እነዚህ ነው። ኮከቦቻቸውን መቼ ፈጠሩ? ለምን አቆሙ? ውስጣዊ አቀማመጣቸውስ ስለ ታሪካቸው ምን ይናገራል?

ጥያቄው ከተነሣ ሰማንያ ዓመት አልፎታል፤ መልሱም ተገለባብጧል። መጀመሪያ ሁሉም ጥንታዊ ናቸው ተባለ። ቀጥሎ የለም፣ እያንዳንዱ የየራሱ ታሪክ አለው ተባለ። ከዚያ በጣም ትንንሾቹ በእርግጥም በአንድ ዘመን አቁመዋል የሚል ማስረጃ መጣ፤ አሁን ደግሞ ይኸኛው መልስ ከዳር ከዳሩ እየተሸራረፈ ነው። እኔ እንደማየው መልሱን በየጊዜው የለወጠው አዲስ ንድፈ ሐሳብ አይደለም። ከበፊቱ ይበልጥ የደከመን አንድ ተራ ኮከብ አይቶ መለካት መቻል ነው። ንድፈ ሐሳቦቹ ብዙውን ጊዜ ቀድመው ተጽፈው ማስረጃውን ሲጠብቁ ኖረዋል።

የታሪኩ መነሻ አፍሪካ ውስጥ ነው። የሃርቫርድ የምርምር ተቋም በደቡብ አፍሪካ ብሉምፎንቴይን አጠገብ በነበረው የቦይደን ጣቢያ በተነሡ የፎቶግራፍ መስታወቶች ላይ፣ ሃርሎው ሻፕሊ በስካልፕተር ኅብረ ኮከብ አቅጣጫ እጅግ ሳስቶ የተበተነ የኮከቦች ክምችት አገኘ። ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1938 ነበር (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ብዙም ሳይቆይ ሁለተኛው፣ ፎርናክስ፣ ተከተለ። በማግሥቱ ዓመት ዋልተር ባዴና ኤድዊን ሃብል በማውንት ዊልሰን ባለ 100 ኢንች ቴሌስኮፕ ነገሩን አረጋገጡ፦ ክምችቶቹ ከፍኖተ ሐሊብ ውጪ ያሉ፣ በመቶ ሺዎች በሚቆጠር የብርሃን ዓመት የሚርቁ፣ ራሳቸውን የቻሉ ሥርዓቶች ናቸው። ጠመዝማዛ ክንድ የላቸውም። አቧራም ሆነ ወጣት ሰማያዊ ኮከብ አይታይባቸውም። በ1950ዎቹ በፓሎማር የሰማይ ቅኝት መስታወቶች ላይ ሊዮ 1፣ ሊዮ 2፣ ድራኮና ኡርሳ ማይነር ተጨመሩ።

ኢትዮጵያ ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ የሰሜኑም የደቡቡም ድንኮች ከአድማሷ በላይ ይወጣሉ፤ ድራኮም ስካልፕተርም። ለባዶ ዓይን አይታዩም። በጥር መጀመሪያ ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ግን፣ መብራት በሌለበት ገላጣ ቦታ፣ በደቡብ አድማስ ላይ ዝቅ ብሎ የሚታየው ትልቁ የማጄላን ደመና የፍኖተ ሐሊብ አጃቢዎች ሁሉ አውራ ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥም የራሱ ሚና አለው፤ ወደ ኋላ እንመጣበታለን።

የመጀመሪያው መልስ የመጣው ከተለዋዋጭ ኮከቦች ነው። ባዴ ድራኮን በፓሎማሩ ባለ 200 ኢንች ቴሌስኮፕ ደጋግሞ አንሥቶት ነበር። ሥራውን ሄንሪየታ ስዎፕ እስከ ፍጻሜ አድርሳ በ1961፣ እሱ ካረፈ በኋላ፣ አሳተመችው። ከሁለት መቶ በላይ ተለዋዋጭ ኮከቦች ተገኙ፤ አብዛኞቹም አር አር ላይሬ የሚባለው ዓይነት ነበሩ። አር አር ላይሬ ኮከብ የሚገኘው ዕድሜው ከአሥር ቢሊዮን ዓመት በላይ በሆነ ትውልድ ውስጥ ነው። ስለዚህ ድንኮቹ እንደ ሉላዊ የኮከብ ክምችቶች በአንድ ጥንታዊ ዘመን ተፈጥረው ያበቁ፣ ብቻ ከእነሱ ይልቅ የሰፉና የሳሱ ሥርዓቶች ተደርገው ተወሰዱ። አሳማኝ ነበር። ያም ሆኖ አንድ ጋላክሲ ውስጥ ሽማግሌ መኖሩ ወጣት አለመኖሩን አያረጋግጥም፤ ወጣቱን ደግሞ በዚያን ዘመን መሣሪያ ለይቶ ማየት አይቻልም ነበር።

ለምን እንደማይቻል ጠጋ ብሎ ማየት ተገቢ ነው፤ የዘርፉ ሙሉ ታሪክ የሚዞረው በዚሁ ዙሪያ ነውና። ተመራማሪው የጋላክሲውን ኮከቦች አንድ በአንድ በሁለት ማጣሪያ፣ ለምሳሌ በሰማያዊና በቀይ፣ ይለካቸዋል። ከዚያ ቀለማቸውን በአግድም፣ ድምቀታቸውን በቁም አድርጎ በአንድ ወረቀት ላይ ይነጥባቸዋል። ሃይድሮጅን እያቃጠሉ በመደበኛ ዕድሜያቸው ላይ ያሉት ኮከቦች በአንድ ሰያፍ መስመር ላይ ይሰለፋሉ። ከባዶቹ ቶሎ ጨርሰው ከመስመሩ ይወጣሉ፤ ቀላሎቹ ይቆያሉ። መስመሩ የሚታጠፍበት ቦታ ሰዓቱ ነው፤ መታጠፊያው ወደ ታች በወረደ ቁጥር ትውልዱ ያረጀ ነው። ዕድሜው 13 ቢሊዮን ዓመት በሆነ ትውልድ መታጠፊያው ላይ የሚገኘው ኮከብ ከፀሐይ ክብደት 0.8 ገደማ ያለው ተራ ኮከብ ነው። ያን ኮከብ በድራኮ ርቀት፣ ማለትም 250,000 የብርሃን ዓመት አካባቢ፣ ብናስቀምጠው ባዶ ዓይን ሊያይ ከሚችለው እጅግ ደካማ ኮከብ አሥር ሚሊዮን ጊዜ ያህል ይደክማል።

ከመታጠፊያው በላይ ያሉት ቀይ ግዙፎች በቀላሉ ይታያሉ፤ ግን ያሳስታሉ። ያረጀና በከባድ ንጥረ ነገር የደኸየ ግዙፍ ኮከብ፣ ወጣትና በከባድ ንጥረ ነገር ትንሽ የበለጸገ ግዙፍ ኮከብ፣ ሁለቱም አንድ ቦታ ላይ ሊነጠቡ ይችላሉ። በግዙፎች ብቻ ዕድሜን መናገር አይቻልም። ዕድሜ የሚናገረው መታጠፊያው ነው፤ እሱ ደግሞ እስከ 1980ዎቹ ድረስ የፎቶግራፍ መስታወት ከሚደርስበት በታች ነበር።

ሲሲዲ የተባለው ኤሌክትሮኒክ ካሜራ ቴሌስኮፖች ላይ ሲገጠም የመጀመሪያው መልስ ፈረሰ። ያፈረሰችው በ1977 በአውስትራሊያ ካለው የብሪታንያ ሽሚት ቴሌስኮፕ መስታወት ላይ የተገኘችው ካሪና ናት። ጄረሚ ሞልድና ማርክ አሮንሰን በ1983 ሲለኳት አብዛኞቹ ኮከቦቿ ጥንታዊ እንዳልሆኑና ዕድሜያቸው ሰባት ቢሊዮን ዓመት አካባቢ እንደሆነ አሳዩ። በ1990ዎቹ በጠለቁ ሥዕሎች ላይ ይበልጥ አስገራሚው ነገር ወጣ፦ ካሪና አንድ መታጠፊያ ብቻ የላትም። ጥንታዊው ትውልድ ከታች፣ የመካከለኛው ዘመን ትውልድ ከላይ፣ በመካከላቸው ደግሞ ኮከብ የሌለበት ክፍተት። ኮከብ ፈጠረች፣ ለቢሊዮኖች ዓመታት ቆመች፣ እንደገና ጀመረች። ይህን ያህል ቀላል ጋላክሲ ጋዙን ለምን አልተነጠቀችም? ወይስ ከየት አገኘች? ካሪና ዛሬም ለዘርፉ ከባድ ፈተና ናት።

የቀሩትም ተከተሉ። ፎርናክስ ኮከብ መፍጠር ካቆመ ገና ጥቂት መቶ ሚሊዮን ዓመታት ቢሆነው ነው። ሊዮ 1 እስከ አንድ ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ድረስ ሲፈጥር ቆይቷል። ድራኮና ኡርሳ ማይነር ግን ባዴና ስዎፕ እንዳሉት ጥንታዊ ሆነው ቀሩ። ማርዮ ማቴዮ በ1998 የጎረቤቶቻችንን ድንኮች ሁሉ ሲዳስስ የደረሰበት መደምደሚያ የዚያን ዘመን መንፈስ ይገልጻል፦ ተመሳሳይ የኮከብ አፈጣጠር ታሪክ ያላቸው ሁለት ድንኮች አይገኙም። ሁለተኛው መልስ ይህ ነበር።

አሮንሰን በዚያው በ1983 የጻፈው ሌላ አጭር ጥናት በእኔ እምነት ከካሪናው ይበልጣል። በድራኮ ውስጥ የሦስት የካርበን ኮከቦችን ፍጥነት ብቻ ለካ። ሦስት ኮከብ! ከዚያ ተነሥቶ ድራኮ በኮከቦቹ ክብደት ብቻ ሊያዝ እንደማይችልና ብዙ የማይታይ፣ ጨለማ ቁስ እንዳለበት ጻፈ። ብዙዎች በሦስት ኮከብ ላይ የቆመን መደምደሚያ ለመቀበል ተቸገሩ፤ በኋላ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኮከቦች ሲለኩ ግን እውነቱ እሱ ካሰበው በላይ ሆነ። አሮንሰን ይህን ሁሉ አላየም። በ1987 በአሪዞና በኪት ፒክ የምርምር ጣቢያ፣ ባለ 4 ሜትሩ ቴሌስኮፕ ጉልላት ላይ በደረሰ አደጋ በ36 ዓመቱ ሞተ። የእሱ ሐሳብ ዛሬ ድንክ ጋላክሲን ከኮከብ ክምችት ለመለየት የምንጠቀምበት መለኪያ ሆኗል፤ በጨለማ ቁስ ስበት የተያዘው ጋላክሲ ነው፣ በኮከቦቹ ስበት ብቻ የተያዘው ክምችት ነው።

ንድፈ ሐሳቦቹ በዚህ ጊዜ ወረፋ ይዘው ነበር። አቪሻይ ዴከልና ጆሴፍ ሲልክ በ1986 ጥፋቱን በውስጥ አደረጉት፦ በትንሽ ጋላክሲ ውስጥ የሚፈነዱ ሱፐርኖቫዎች ጋዙን ከደካማው ስበት ነጥቀው ወደ ውጪ ይበትኑታል። ጆርጅ ኤፍስታቲዩ በ1992 ወደ ውጪ አመለከተ። የመጀመሪያዎቹ ጋላክሲዎችና ኳሳሮች የረጩት አልትራቫዮሌት ጨረር በጽንፈ ዓለሙ የነበረውን የሃይድሮጅን ጋዝ ኤሌክትሮኖቹን ገፎ አሞቀው። ይህ ዳግም አዮናይዜሽን የሚባለው ዘመን ሲሆን ከታላቁ ፍንዳታ በኋላ አንድ ቢሊዮን ዓመት ሳይሞላ ተጠናቋል። የሞቀ ጋዝ በትንሽ ስበት አይያዝም፤ ስለዚህ ድንኮቹ ቀለብ ተቋረጠባቸው። ሦስተኛው ተጠርጣሪ ጎረቤት ነው፦ ትልቅ ጋላክሲ አጠገብ የሚያልፍ ድንክ፣ በትልቁ ዙሪያ ያለው ሞቃት ጋዝ እንደ ነፋስ እየገፋ የራሱን ጋዝ ይገፈዋል።

በ1999 የአናቶሊ ክሊፒንና የቤን ሙር ቡድኖች ለየብቻ ያወጡት ሥራ ጥያቄውን አጣዳፊ አደረገው። በኮምፒውተር ስሌታቸው በፍኖተ ሐሊብ ዙሪያ በመቶዎች የሚቆጠሩ የጨለማ ቁስ ክምችቶች ይዞራሉ። የታወቁት አጃቢ ጋላክሲዎች ግን ሁለቱን የማጄላን ደመናዎች ጨምሮ 11 ብቻ ነበሩ። የቀሩት የት ገቡ? ጄምስ ቡሎክና ባልደረቦቹ በ2000 የኤፍስታቲዩን ሐሳብ መልሰው አመጡት፦ ክምችቶቹ አሉ፤ ከዳግም አዮናይዜሽን በፊት ጋዝ ያልሰበሰቡት ግን ኮከብ የላቸውም። ቀድመው የሰበሰቡት ጥቂቶች ደግሞ እንደ ቅሪተ አካል የጥንቱን ዘመን ኮከብ ብቻ ይዘው መገኘት አለባቸው። ጥሩ ትንበያ ነበር፤ የጎደለው ቅሪተ አካሉ ነው።

እሱም አምስት ዓመት ሳይሞላ ተገኘ። የስሎን ዲጂታል የሰማይ ቅኝት በኒው ሜክሲኮ ባለ 2.5 ሜትር ቴሌስኮፕ የሰሜኑን ሰማይ በዲጂታል መዝግቦ ነበር። አዲሶቹ ጋላክሲዎች በሥዕሉ ላይ ለዓይን አይታዩም፤ በቅርብ ባሉ ኮከቦችና በሩቅ ጋላክሲዎች መካከል ተሰውረዋል። የተገኙት በቆጠራ ነው። ኮምፒውተሩ ጥንታዊና በከባድ ንጥረ ነገር የደኸየ ትውልድ ሊኖረው የሚገባውን ቀለምና ድምቀት የያዙትን ኮከቦች ብቻ አስቀርቶ ሌላውን ይጥላል፤ ከዚያ በሰማይ ላይ ተሰብስበው የሚገኙበትን ቦታ ይፈልጋል። ቤት ዊልማን በ2005 ኡርሳ ሜጀር 1ን አስተዋወቀች። በ2006ና በ2007 የቫሲሊ ቤሎኩሮቭ ቡድን ቡተስ 1ን፣ ሄርኩለስን፣ ኮማ በረኒሰስን፣ ሊዮ 4ን፣ ሴግዌይ 1ንና ሌሎችንም ጨመረ። ከ1938 እስከ 1994 ከማጄላን ደመናዎች ሌላ ዘጠኝ አጃቢዎች ብቻ ተገኝተው ነበር፤ በሁለት ሦስት ዓመት ውስጥ ቁጥሩ እጥፍ ሆነ።

ጆሽ ሳይመንና ማርላ ጌሃ በሃዋይ ባለው የኬክ ቴሌስኮፕ ከአዲሶቹ ድንኮች የስምንቱን ጋላክሲዎች ኮከቦች ፍጥነት ለክተው በ2007 ሲያሳትሙ፣ አብዛኛው ክብደታቸው ጨለማ ቁስ መሆኑ ተረጋገጠ። ከአዲሶቹ ድንኮች ሁሉ የሚገርመው ግን በኋላ የተለካው ሴግዌይ 1 ነው። 75,000 የብርሃን ዓመት ይርቃል፤ የኮከቦቹ ብርሃን ሁሉ ተደምሮ ከፀሐይ ብርሃን ሦስት መቶ እጥፍ ገደማ ቢሆን ነው፤ ክብደቱን ለብርሃኑ ብናካፍለው ግን በፀሐይ መለኪያ ወደ 3,400 ይደርሳል። አና ፍሬበል በ2014 ከባልደረቦቿ ጋር የሰባት ኮከቦቹን ኬሚስትሪ ስትመረምር ረጅም ጊዜ የሚፈጁት የ1ኤ ዓይነት ሱፐርኖቫዎች የሚተዉትን የብረት አሻራ አጣችበት። ሴግዌይ 1 ያ ብረት እስኪመጣ ድረስ ኮከብ ሲፈጥር አልቆየም ማለት ነው።

ቀጥሎ የመጣው ወሳኙ ልኬት ነው። የቶም ብራውን ቡድን የሃብል የሕዋ ቴሌስኮፕን በስድስት እጅግ ደብዛዛ ድንኮች ላይ አቀና፦ ቡተስ 1፣ ኬንስ ቬናቲሳይ 2፣ ኮማ በረኒሰስ፣ ሄርኩለስ፣ ሊዮ 4 እና ኡርሳ ሜጀር 1። ከመታጠፊያው በታች ዘልቆ ገባ። በ2014 የታተመው ውጤት እንዲህ ይላል፦ ከኮከቦቻቸው 80 በመቶው ከ12.8 ቢሊዮን ዓመት በፊት ተፈጥረው አልቀዋል፤ ከ11.6 ቢሊዮን ዓመት ወዲህ የተፈጠረ የለም። በተለያየ ርቀት፣ በተለያየ ምሕዋር ያሉ ስድስት ጋላክሲዎች፣ አንድ ዓይነት ታሪክ። ጎረቤት ነው እንዳይባል፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ወደ ፍኖተ ሐሊብ ሊቀርቡ አይችሉም። በአንድ ጊዜ ሁሉንም ሊነካ የሚችለው በጽንፈ ዓለሙ ሁሉ የተዳረሰው ጨረር ነው። በዚሁ ዓመት ዳን ዋይዝ የ40 ጎረቤት ድንኮችን ታሪክ ከሃብል ማኅደር አውጥቶ ሲያሳትም ትልልቆቹ ድንኮች እንደ ድሮው የየራሳቸውን መንገድ የሄዱ መሆናቸው ጸና። ሦስተኛው መልስ ተዘጋጀ፦ ከአንድ የክብደት ወሰን በታች ያለውን ዳግም አዮናይዜሽን ያስቆመዋል፤ ከወሰኑ በላይ ያለው እንደ ዕጣው ይኖራል።

ይህን መልስ እኔም በአመዛኙ እቀበለዋለሁ። ግን ከሚገባው በላይ በእርግጠኝነት እየተነገረ ነው። በ13 ቢሊዮን ዓመትና በ12 ቢሊዮን ዓመት ትውልድ መካከል ያለው የመታጠፊያ ልዩነት እጅግ ጠባብ ነው፤ የርቀት፣ የኬሚካል ይዘትና የኮከብ ሞዴል ትንሽ ስሕተት ዕድሜውን በመቶ ሚሊዮኖች ዓመታት ሊያዛባው ይችላል። የዳግም አዮናይዜሽን ዘመን ራሱም ጥቂት መቶ ሚሊዮን ዓመታት የፈጀ ሂደት ነው። ስለዚህ ሰዓቱ "በዚያ አካባቢ" ይላል እንጂ "በዚያ ምክንያት" አይልም። ካርሜ ጋያርት በ2021 ከቡድኗ ጋር በኤሪዳነስ 2 ላይ የጻፈችው ይህን ያሳያል። ጋላክሲው ኮከቦቹን የፈጠረው ምናልባት ከግማሽ ቢሊዮን ዓመት ባነሰ ጥንታዊ ጊዜ ውስጥ ነው፤ በዚያ አጭር ጊዜ የፈነዱት የራሱ ሱፐርኖቫዎች ብቻ ጋዙን ለማባረር ይበቁ ነበር። የዴከልና የሲልክ የ1986 ሐሳብ ገና ከችሎት አልወጣም።

አንድ ፍንዳታ በእንዲህ ያለ ትንሽ ቤት ውስጥ ምን እንደሚያደርግ በ2015 በተገኘችው ሬቲኩለም 2 ላይ በግልጽ ታይቷል። አሌክሳንደር ጂና ባልደረቦቹ በቺሊ ባሉት የማጄላን ቴሌስኮፖች ዘጠኝ ኮከቦችን መረመሩ። ሰባቱ እንደ ዩሮፒየም ባሉ፣ በፈጣን የኒውትሮን ቅበላ በሚፈጠሩ ከባድ ንጥረ ነገሮች እጅግ የበለጸጉ ሆነው ተገኙ። ሌሎቹ እጅግ ደብዛዛ ድንኮች ግን ከእነዚህ ንጥረ ነገሮች የላቸውም ማለት ይቻላል። መልሱ አንድ ነጠላ፣ ብርቅ ክስተት ነው፤ ምናልባት የሁለት ኒውትሮን ኮከቦች ግጭት፣ የቀጣዩን ትውልድ ጋዝ በሙሉ በከለው። ወርቅ የሚፈጠርበት መንገድም ይኸው በመሆኑ፣ ነጠላ ክስተት በነጠላ ጋላክሲ ውስጥ የተወው አሻራ ተለይቶ መታየቱ ለእኔ ከዘርፉ ግኝቶች ሁሉ እጅግ የሚያስደስተው ነው።

መሸራረፉ የመጣው ከጎረቤት ሰፈር ነው። በ2018 የጋያ ሳተላይት ሁለተኛ መረጃ ሲለቀቅ የድንኮቹን ምሕዋር መከተል ተቻለ፤ አንዳንዶቹ ከትልቁ የማጄላን ደመና ጋር ተጎትተው የመጡ ሆነው ተገኙ። ኤሌና ሳኪና ባልደረቦቿ በ2021 የሁለቱን ወገኖች ታሪክ ሲያነጻጽሩ፣ የማጄላን ወገን የሆኑት ኮከብ መፍጠር ያቆሙት ከሌሎቹ 600 ሚሊዮን ዓመት ያህል ዘግይተው ነበር። ከትልቁ ጋላክሲ ርቀው ስላደጉ ጨረሩ ዘግይቶ ደርሷቸው ይሆናል። አሌሳንድሮ ሳቪኖ በ2023 በአንድሮሜዳ ዙሪያ ያሉትን ሲመረምር ከመካከላቸው አንድሮሜዳ 13 ብዙ ኮከቦቹን የፈጠረው ዳግም አዮናይዜሽን ካለፈ በኋላ መሆኑን አገኘ። የድንኮች ሕግ ብለን የያዝነው የፍኖተ ሐሊብ ሰፈር ልማድ ብቻ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ከሁሉም በላይ የሚያስተምሩት ብቸኞቹ፣ ከትልቅ ጋላክሲ ርቀው የሚኖሩት ናቸው። ሊዮ ኤ ከኮከቦቿ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑትን የፈጠረችው ባለፉት ስምንት ቢሊዮን ዓመታት እንደሆነ አንድሩ ኮል በ2007 አሳይቷል፤ ወጣትነቷን በዝምታ አሳልፋ ኋላ ላይ ነቅታለች። በ2013 የተገኘችው ሊዮ ፒ 5.3 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ትርቃለች፤ ጋዝ አላት፣ ዛሬም ኮከብ ትፈጥራለች። ክሪስተን ማክዊን በ2024 በጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ ስታያት ታሪኳ ሦስት ክፍል ሆኖ ወጣ፦ በጥንት ዘመን ፈጠረች፣ ከዳግም አዮናይዜሽን በኋላ ለቢሊዮኖች ዓመታት ቆመች፣ ከዚያ እንደገና ጀመረች። ማታ በአመድ ተዳፍኖ ያደረ ፍም ጠዋት ሲገለጥ እንደሚቀጣጠል፣ የቀዘቀዘው ጋዝ ተመልሶ ሲሰበሰብ ኮከብ መፍጠሩ ቀጠለ። ስለዚህ ጨረሩ ያስቆመው ሁሉ ለዘላለም አልቆመም። የፍኖተ ሐሊብ አጃቢዎች ዳግም ያልጀመሩት ጎረቤታቸው የቀረውን ጋዝ ስለገፈፋቸው ይሆናል፤ ሁለት ተጠርጣሪዎች ተባብረው ማለት ነው።

ስለ ውስጣዊ አቀማመጥ እስካሁን ብዙ አላልኩም። ለረጅም ጊዜ ሁለቱ ጉዳዮች ለየብቻ ሲጠኑ ኖረዋልና። ኤሊን ቶልስቶይ በ2004 በስካልፕተር ውስጥ ሁለት ጥንታዊ ትውልዶች አገኘች፦ በከባድ ንጥረ ነገር የበለጸገው መሃል ላይ ተሰብስቧል፣ የደኸየው በሰፊው ተበትኗል። ይህ በድንኮች ዘንድ የተለመደ ሆነ፤ ጋዙ እያነሰ ሲሄድ ኮከብ የሚፈጠርበት ክልል ወደ መሃል ይጠባል። ማት ዎከርና ሆርሄ ፔኛሩቢያ በ2011 ሁለቱን ትውልዶች እንደ ሁለት የተለያዩ መመዘኛዎች ተጠቅመው፣ የስካልፕተርና የፎርናክስ ጨለማ ቁስ መሃሉ ላይ ስሌቶቹ እንደሚሉት ሹል እንዳልሆነና ዝርግ እንደሆነ ተከራከሩ። የጨለማ ቁስ ጽንሰ ሐሳብ ስሕተት ነው የሚሉ በዚህ ተበረታቱ።

ሁለቱን ጉዳዮች ያገናኘው ሥራ በ2019 መጣ። ጀስቲን ሪድ፣ ዎከርና ፓስካል ስቴገር 16 ድንኮችን ወስደው የመሃላቸውን የጨለማ ቁስ እፍጋት ከኮከብ አፈጣጠር ታሪካቸው ጎን አስቀመጡት። እንደ ድራኮ ጥንት ያቆሙት መሃላቸው የታመቀ ነው። እንደ ፎርናክስ እስከ ቅርብ ጊዜ ሲፈጥሩ የቆዩት መሃላቸው ሳስቷል። ምክንያቱም በእያንዳንዱ የኮከብ ውልደት ጊዜ ሱፐርኖቫዎች ጋዙን ወደ ውጪ ይገፉታል፣ ጋዙ ይመለሳል፣ እንደገና ይገፋል። ስበቱ በተናጠ ቁጥር ጨለማው ቁስም ቀስ በቀስ ከመሃል እየራቀ ይሄዳል። የጋላክሲው ቅርፅ የታሪኩ ማኅተም ሆነ። ይህን ግንኙነት ካየሁ ወዲህ ስለ ድንኮች አቀማመጥ ታሪካቸውን ሳይጠቅስ የሚጽፍ ጥናት ግማሹን የተወ ይመስለኛል።

ጫፎቹም እየተገፉ ነው። አኒሩድ ቺቲ በ2021 የቱካና 2ን ኮከቦች፣ የጋላክሲው ግማሽ ብርሃን ከሚገኝበት ራዲየስ ዘጠኝ እጥፍ ርቀት ላይ አገኛቸው፤ ይህን ያህል ትንሽ ጋላክሲ ሰፊ የጨለማ ቁስ ካባ አለው፣ ምናልባትም ከሁለት ይበልጥ ያነሱ ጋላክሲዎች ውሕደት የተሠራ ነው። በሌላው ጫፍ በ2019 የተገኘው አንትሊያ 2 ስፋቱ ትልቁን የማጄላን ደመና ያህላል፤ ብርሃኑ ግን ኢምንት ነው። ከታች ደግሞ በ2024 የተዋወቀው ኡርሳ ሜጀር 3 አለ፦ ስልሳ ገደማ ኮከቦች፣ በድምሩ የፀሐይን ክብደት 16 እጥፍ ያህል። ጋላክሲ ለመባል ጨለማ ቁስ እንዳለው መታየት አለበት። የፍጥነቱ ማስረጃ ግን በአንድ ሁለት ኮከቦች ላይ የተንጠለጠለ ነበርና ቀጣይ ልኬቶች ጨለማ ቁስ የሚያስፈልግ መሆኑን አላሳዩም። ወደ አሮንሰን ሦስት ኮከቦች የተመለስን ያህል ነው፤ በዚህ ጊዜ ግን ጥርጣሬው የሚያሸንፍ ይመስላል።

በቺሊ ሴሮ ፓቾን ተራራ ላይ ያለው የቬራ ሩቢን የምርምር ጣቢያ በሰኔ 2025 የመጀመሪያ ሥዕሎቹን አሳይቷል። 8.4 ሜትር መስታወትና 3,200 ሜጋፒክስል ካሜራ ይዞ የደቡቡን ሰማይ ለአሥር ዓመት ደጋግሞ ይቃኛል። አዳዲስ ድንኮች በብዛት ይመጣሉ። ማግኘት ግን ታሪካቸውን ማወቅ አይደለም፤ ከአጃቢዎቹ ባሻገር ያለ ድንክ ጥንታዊ መታጠፊያው ድረስ የሚታየው በሃብልና በዌብ ነው፤ በእነዚህ ላይ ያለው ወረፋ ደግሞ ረጅም ነው። እኔ ብጠየቅ ሰዓቱን የምሰጠው ለብቸኞቹ ነው። ምክንያቱን ሁለት ጋላክሲዎች ያሳያሉ። በ2022 ዴቪድ ሳንድ ያስተዋወቀው ቱካና ቢ ከሁሉም ትልቅ ጋላክሲ ርቆ፣ 4.6 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ላይ ይገኛል፤ ጋዝ አልተገኘበትም፣ ወጣት ኮከብም የለውም። ጎረቤት ሳይነካው አቁሟል። በ2023 ማክዊን ያስተዋወቀችው ፔጋሰስ ደብልዩ ከአንድሮሜዳ ግዛት ውጪ ናት፤ ብርሃኗ ከቱካና ቢ ጋር ይቀራረባል፤ እሷ ግን ዳግም አዮናይዜሽን ካለፈ በኋላ ለረጅም ጊዜ ኮከብ መፍጠሯን ቀጥላለች። በጨረሩ ብቻ ከሆነ ሁለቱም አንድ ዕጣ ሊገጥማቸው ይገባ ነበር። የክብደት ወሰኑ ልክ በእነሱ መካከል ያልፍ እንደሆነ፣ ወይም አንደኛው ከሌላው ቀድሞ ጨለማ ቁሱን ሰብስቦ እንደሆነ፣ የሚለየው የብዙ ብቸኛ ድንኮች መታጠፊያ አንድ በአንድ ሲለካ ነው።